ከሰማይ የማትወርደው ዓሣ

ሰኞ

ኩሬው ዛሬ ደረቀ። ትናንት መሃሉ ላይ የሳፋ ያህል ውሃ ቀርታ ነበር። ጠዋት ስደርስ ወፎቹ ቁርሳቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ያለው የእግራቸው ዱካ ብቻ ነው።

አላዘንኩም። ሰው የማይገባው እዚህ ላይ ነው። የኔ ዓሣ በየዓመቱ ትሞታለች፤ አኗኗሯ ነው። ከመሞቷ በፊት እንቁላሏን ጭቃው ውስጥ ትቀብራለች። ጭቃው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ እንቁላሉ ግን ውስጡ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡ መጥቶ ኩሬው ሲሞላ ይፈለፈላል፣ ቶሎ ቶሎ ያድጋል፣ እሱም በተራው እንቁላሉን ይቀብራል። ወንዱ ሰማያዊ ነው፣ የጭራው ጠርዝ ቀይ። ትልቁ ትንሿ ጣቴን አያክልም።

የከተማው ሰው "የዝናብ ዓሣ" ይላታል። ከዝናቡ ጋር ከሰማይ የምትወርድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የሚጨነቅላት የለም፤ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ያልቃል ብሎ ማን ይሰጋል? ዓሣ ሀብት ቢሮ ከተቀጠርኩ ወዲህ ስለ እሷ ባነሳሁ ቁጥር የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ትበላለች? አትበላም። ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል።

ድሮ ሁለት ኩሬ ነበራት። አንደኛው የአውቶቡስ መናኸሪያ ከሆነ ቆየ። የቀረው ይሄ ነው፤ እሱም ያለው በጋሼ የጡብ ማምረቻ ዳር ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ አባቴም እሱ ነው። የምኖረውም እሱ ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። በጋ በጋውን ጭቃ ያስቆፍራል፣ ጡብ ያስመታል፣ ያቃጥላል። እስከዛሬ ኩሬው ጋ አልደረሰም።

እንደየዓመቱ ከኩሬው መሃል አንድ ፌስታል ጭቃ ይዤ መጣሁና ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩ። እርጥበቱ እንዳያልቅ፣ እንዳይበዛም። የጋሼ ሚስት እትዬ በረንዳ ላይ ሆና አየችኝና "ደግሞ ጭቃሽን ልታስተኚ ነው?" አለችኝ። ሌላው ሰው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ልብስ ያስቀምጣል አለች።

ረቡዕ

ራት ላይ ጋሼ ቀና ሳይል "ዘንድሮ ወደ ኩሬው መግባቴ ነው መሰለኝ" አለ። በዚህ በኩል ያለው ጭቃ አልቋል፣ አካፋው ድንጋይ እየነካ ነው አለ።

"እዚያ ውስጥ እኮ ዓሣ አለ" አልኩት።

"ደርቆ የለም እንዴ?"

"እንቁላሉ አለ። ስንቴ ልንገርህ ጋሼ?"

"እኔ የማየው ጭቃ ነው፣ ሚጢጢ። ጥሩ ጭቃ። ጥቁር፣ ጠጠር የሌለው።"

ልጅ ሆኜ የወጣልኝ ስም ነው፤ በዚህ ዕድሜዬም ሚጢጢ ነኝ። "ታዲያ እንቁላሉን ከጡቡ ጋር አቃጥለህ ሰው ግድግዳ ውስጥ ልትከተው ነው?" አልኩት። እትዬ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሠራተኞቹን ከምን አምጥቼ ላብላቸው ነው የምትይኝ አለ። እጄን ከማዕዱ አነሳሁ። መልስ ስለሌለኝ ሳይሆን ስለተናደድኩ ነው። ወይም ሁለቱም።

በመጨረሻ "እስቲ ላስብበት" አለ። የጋሼን ላስብበት አውቃታለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ብስክሌት ግዛልኝ ብዬው ላስብበት ብሎኛል፤ እስካሁን እያሰበ ነው።

ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው። አሁን ከኩሬው መምጣቴ ነው። ችካል ተተክሏል። ዙሪያውን ሲባጎ ተወጥሯል። ጡብ ሠሪ ሊቆፍረው ያሰበውን ቦታ የሚያጥረው እንዲህ አድርጎ ነው፤ በየዓመቱ አይቼዋለሁ።

አሰበበት ማለት ነው። ሁለት ቀን ነው የፈጀበት።

እሑድ ማታ

ስለ ጋሼ አልጽፍም ብዬ ነበር። ግን ከማን ጋር ላውራው?

ሰሞኑን ሳይመሽ ቤት አይገባም። ድሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ እግሩን ታጥቦ በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር። አሁን ጨለማ ለብሶ ይመጣና ቦት ጫማውን ደጃፍ ላይ ይጥለዋል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ። ትናንት ጥርግ አድርጌ ያጠብኩትን ደረጃ ቀይ በቀይ አድርጎት አደረ። ከኔ ጋር ላለመነጋገር ነው የሚያመሸው። ፊቴን ማየት አፍሯል፣ ይፈር።

ደግሞ ያስላል። ክፍሌና መኝታ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ይጀምርና አያቆምም። እትዬ ተነስታ ውሃ ስታሞቅ ይሰማኛል። "ጭሱ ነው" ይላታል፤ የምድጃው ጭስ ማለቱ ነው። ምድጃው ግን ከተለኮሰ ቆየ እኮ። ትናንት ሳሉ ሲበዛብኝ ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። ዝም አለ። ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ነው መሰለኝ ከዚያ በኋላ ታፍኖ ነበር የሚሰማው።

እንደሱ ማድረግ አልነበረብኝም። ግን ጠዋት ሥራ አለኝ።

ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ሊያስታውሰኝ ይወዳል። አውቃለሁ። በጡብ አስተማረኝ። የተማርኩት ደግሞ ጡቡ ዓሣዬን እንደሚጨርሳት ነው። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ

መሬት ቢሮ ሄድኩ። ለጋሼ አልነገርኩትም። ሊቀመጥ ሲል ከረቫቱን ሁለት ጊዜ የሚያስተካክል ኃላፊ አለ፤ ባለ ከረቫቱ እለዋለሁ። ቁፋሮው ይቁምልኝ አልኩት፤ ምክንያቱን ከሀ እስከ ፐ አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። ስጨርስ "ትበላለች?" አለኝ።

ሐሙስ ቦታውን ሊያዩ ነው።

ሐሙስ

ባለ ከረቫቱ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። እኔን ያመጣኝ የቢሯችን ሹፌር ነው። ጋሼ አልነበረም፤ አንድም ቆፋሪ አልነበረም፤ ምድጃው ጋ እሳት አንዳጁ ብቻውን ተቀምጦ ሩቅ ሆኖ ያየናል። ደስ አለኝ፣ ከጋሼ ጋር ፊት ለፊት አልተገጣጠምንም።

ሲባጎውን ተሻግረን ገባን። ሦስቱም የተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ ቆመው እግራቸው ሥር አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ዓሣው የታለ?" አለ ባለ ከረቫቱ።

ጎንበስ ብዬ አንድ ቅርፊት ጭቃ አነሳሁና "እዚህ ውስጥ" አልኩ። አንደኛው ተቀብሎኝ አገላበጠው፣ ፈረከሰው፣ እጁን አራገፈ።

"እሜቴ፣ የያዝሽው እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው" አለ ባለ ከረቫቱ። ሁሉም ሳቁ፤ ሹፌሩ ሳይቀር፤ ኋላ ይቅርታ ጠይቆኛል። እንቁላሉ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፣ በአጉሊ መነጽር ነው የሚታይ ብል ማን ይስማኝ? ሲሄድ ግን ቆም አለና "እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለኝ። "የሚመጣው ረቡዕ ኮሚቴው ይሰበሰባል። በሕይወት ያለ ዓሣ አምጪና አሳዪን። ዓይናችን ይየው። ያን ጊዜ እናስቆመዋለን።"

ስንመለስ ሹፌሩ ሊያጽናናኝ ፈልጎ "አይዞሽ የጭቃ ሐኪም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። ረቡዕ ስድስት ቀን ነው የቀረው።

ቅዳሜ

ፌስታሉን ከፍቼ ከጭቃው ቆንጠር እያደረግሁ በአጉሊ መነጽር አየሁ። እንቁላሎቹ አሉ፣ ብዙ ናቸው፣ ደህና ናቸው። ግን አልደረሱም። የደረሰ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ዓይኖቹ ናቸው። ዓይን ሳይወጣለት ውሃ የነካው እንቁላል ወይ አይፈለፈልም፣ ወይ ከተፈለፈለ መከራ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር ያየሁ መስሎኛል። ማየት ስለፈለግሁ ይሆን?

የዓሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ጭቃውን ከጊዜው በፊት አታርጥበው። ተማሪ ሆነን መጀመሪያ ያስጠኑን እሱን ነው።

ደግሞ ጋሼ ዛሬም አምሽቶ ነው የመጣው። ራቱን አልበላም። እትዬ "ሰውነቱን አላየሽም?" አለችኝ። አየሁት። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስቷል። ሥራ ስለበዛበት ነው። ሰኞ ወደ ኩሬው ሊገባ ይሆናል፤ ለዚያ ነው የሚጣደፈው።

እሑድ

አረጠብኩት። ግማሹን ላስቀር ብዬ ነበር። ግማሹን ብቻ ባረጥብና አንድም ባይፈለፈልስ? ሁሉንም ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩት።

ማክሰኞ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት

ተፈልፍለዋል። እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ግን ተፈልፍለዋል።

አይዋኙም።

ሆዳቸውን እየጎተቱ የሳፋው ወለል ላይ ይሄዳሉ። ሆዳቸው ውስጥ ያለችው የአየር ከረጢት ሳትሞላ ነው የወጡት፤ አየር ያልያዘ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። አንዱ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ቀን ቢኖሩ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል። እኔ የፈሰሰውን እንኳን የምለቅምበት የለኝም።

የቀረውን ጭቃ አጥልዬ፣ ጨምቄ፣ መልሼ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ያልተፈለፈሉት ቢተርፉ።

ረቡዕ

ተሳካልኝ። 

በትልቅ ብርጭቆ ይዣቸው ሄድኩ። ኮሚቴው ፊት ከማቅረቤ በፊት ብርጭቆውን በቀስታ አዞርኩት። ውሃው ሲዞር አብረው ተነስተው ዞሩ። የሚዋኙ መሰሉ። "ይኸው፣ ከዚያ ደረቅ ጭቃ የወጡ ናቸው" አልኩ። ተንጠራርተው አዩ፣ አንደኛው መነጽሩን አወለቀ፣ ባለ ከረቫቱ "ጉድ ነው" አለ። ውሃው ሊረጋ ሲል ብርጭቆውን እንደገና አዞርኩት።

እዚያው ወሰኑ። በቦታው ላይ ማንኛውም ቁፋሮ እንዲቆም። ፈቃዱም ታግዷል። ከሰዓት በኋላ ሰው ልከው ምድጃውን አሸጉት። ምድጃውን ያሽጉ አላልኩም ነበር። ፈቃዱ አንድ ነው አሉኝ፣ ጭቃውም ምድጃውም።

ቤት ስደርስ ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። በጊዜ መጥቷል። "ደህና ዋልሽ?" አለኝ። "ደህና" አልኩት።  እንደሚያውቅ ወይም እንደማያውቅ ከፊቱ ላነብ ሞከርኩ። እግሩን እየታጠበ ነበር።

ብርጭቆው ውስጥ የነበሩት ማታውኑ አለቁ። የመጨረሻዋ ስትሞት ለማየት አልቆየሁም።

እሑድ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ዛሬ ሰማ። እትዬ ከጎረቤት ሴት ጋር ጓሮ ልብስ እያሰጣች "የገዛ እህቱ ናት" ስትል ሰማኋት። "ሰው ፊት ከምታዋርደው ማዕድ ላይ ብትነግረው ምን ነበረበት?" ጎረቤቲቱ "ምን ብላ?" አለች። እትዬ ሌላ ልብስ ከሳፋው አነሳች።

ማዕድ ላይ ነግሬዋለሁ እኮ። ነግሬዋለሁ። ይሄን ለማን ልበል?

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሥራ መፍታት ነው የሰበረው። ሠራተኞቹን አሰናብቷል።

ሐሙስ

ሲባጎው ላልቶ ስለነበር ላጠብቀው ወደ ኩሬው ሄድኩ። አሁን የኔም አጥር ነው። እሳት አንዳጁ የታሸገው ምድጃ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ የሚሄድበት ስለሌለው በየቀኑ ይመጣል። አጠገቤ መጣና ችካሉን ያዘልኝ።

"ጋሼም በገዛ እጃቸው ነበር የሚያጠብቁት" አለኝ።

"ሊቆፍር ነዋ" አልኩት።

እንደ እብድ አየኝ። "ኧረ በጭራሽ። ከብት እንዳይረግጠው ብለው ነው ያጠሩት። ማንም ሰው እንዳይገባ፣ እህቴ ያስቀመጠችው ነገር አለ ብለው።"

"ጭቃውን ታዲያ ከየት ነበር የምታመጡት?"

"ከድልድዩ ማዶ፣ ከቀዩ ጉብታ። ጋሪ ተከራይተን። ቀዩ ጭቃ ድንጋያም ስለሆነ ሰው ሲሰለች እሳቸው ራሳቸው አካፋ ይዘው ይገቡ ነበር። ደረታቸው እንደዚያ እየሆነ፣ ይተዉት ብንላቸው ማን ይስማን።"

የደጃፉ ቀይ ጭቃ። እኔ ያን ደረጃ እየተራገምኩ ነበር የማጥበው። የጭቃን ቀለም ለይቼ ማወቅ ሥራዬ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ በሱ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

እሳት አንዳጁ ሲባጎውን አስሮ ጨረሰና "አሁን ይበቃዋል?" አለኝ። ይበቃዋል አልኩት። አልቅሼ መሆን አለበት፣ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

ቅዳሜ

ጋሼ ክፍል ገባሁ። ተኝቶ ነበር፣ ትራሱ ሦስት ነው፤ ጋደም ካለ አይተነፍስም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ምኑን?"

"ከቀዩ ጉብታ እንደምታስመጣ።"

ትንሽ አሰበ። "ብነግርሽ ቃል ይሆንብኛል" አለ። "ቀዩ ጭቃ ባይበቃስ? ምድጃው ባዶ ቢሆንብኝ እገባበት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ቃሌን ከማጥፍብሽ ዝም ብዬ እስከቻልኩ ላድርገው አልኩ።"

መሬት ቢሮ የሄድኩት እኔ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። መቼ አወቅህ አልኩት። ያን ቀን፣ ብርጭቆ ይዘሽ ስትወጪ አይቼሽ ነበር አለኝ። ጨርቅ ሸፍነሽበት፣ ልጅ እንደታቀፈች ሴት ነበር የምትሄጂው፣ አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ጀርባውን ይዤለት ቆየሁ። አጥንቱ እጄ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ

መሬት ቢሮ። እግዱ ይነሳ አልኩ። ባለ ከረቫቱ ከረቫቱን አስተካከለ። "ራስሽ ነሽ እኮ ያስቆምሽው" አለ። አሁን ቁፋሮ እንደማያደርግ አውቃለሁ፣ ምድጃውን ብቻ ክፈቱለት አልኩት። ፈቃድ አንዴ ከታገደ ቦታው ወደ ቢሮው ይመለሳል አለኝ። ሌላ ፈላጊም አለ አለ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ዋልኩበት።

ረቡዕ፣ ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ

ጋሼን ይዘነው መጣን። ትናንት ማታ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ወረፋ። ወንበሩ አንድ ነው፣ እትዬ ተቀምጣለች። ሁለት ሰዓት ሆነን። ሌላ ወረፋ ላኩን፣ የደረት ፎቶ ሊያነሱት።

ዓርብ

አሁንም ሆስፒታል ነን። እትዬ ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን ገባች። ስትወጣ "ምን አለሽ?" አልኳት።

"ዕረፍት ያስፈልገዋል አለኝ" አለች።

ነገ ይዛችሁት ሂዱ ብለውናል። ደስ ይላል፣ ቢከፋ ኖሮ ያስተኙት ነበር። እትዬ ቤት ቀድማን ሄዳለች። ማታ ልብስ ላመጣ ስሄድ አንሶላውን ሁሉ ስታጥብ አገኘኋት፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረውን ንጹሑን ጭምር። እርዳታ ትፈልጊያለሽ ብላት አልሰማችኝም።

ዕረፍት ካገኘ ይሻለዋል። ሥራው ነው የጎዳው።

እሑድ

ጋሼን አስተኝተን ወደ ኩሬው ሄድኩ።

ኩሬ የለም።

ሆስፒታል በነበርንባቸው ቀናት ዶዘር ገብቷል። ገልባጭ መኪኖች ጠጠር አራግፈው፣ አስተካክለው፣ ደምድመው ጨርሰዋል። የጭነት መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው አሉ። ጥበቃው ጠጠሩ መሃል ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ችካሎቹን ሰብስቦ እሳት አንድዶባቸዋል። ከሥሩ ትንሽ ጭቃ ላውጣ ብዬ ለመንኩት። "ኃላፊነት አለብኝ" አለኝ። በእጄ ጠጠሩን ለመጫር ሞከርኩ። ዶዘሩ አንዴ ገልብጦት ድንጋይና ጭቃ አንድ ላይ ተቦክቷል። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስነሳኝ፤ ክፉ አልነበረም፣ ቀሚሴን አራገፈልኝ።

ሰኞ

ባለ ከረቫቱ ጋ ገባሁ፣ ሳላንኳኳ። ዓሣው እንዳይነካ ብላችሁ አልነበረም ወይ አልኩት።

"ያልሽው እኮ አይቆፈር ነው" አለኝ በትዕግሥት። "አልተቆፈረም። ተሞላ እንጂ።"

 እውነቱን ነው። እኔው ነኝ አይቆፈር ያልኩት።

"ደግሞ" አለ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ "የዝናብ ዓሣ አይደለች? ሲዘንብ ትመጣለች።"

ማክሰኞ

ምንም።

ዓርብ

ቢሮ ስለ ዓሣዋ ዘገባ አዘጋጂ ተብያለሁ። ሹፌሩ ሻይ አመጣልኝ፣ አልቀለደም። አለቃዬ "ጉዳዩን ዝጊው" አለኝ። ወረቀቱ ባዶ ነው።

ጋሼ ዛሬ ሁለት ማንኪያ በላ። ትናንት ሦስት ነበር። ሙቀቱ ነው፤ በሙቀት ማን ይበላል? እትዬ እህል እያቀመሰችው አንድ ጊዜ ተነስታ ጓዳ ገባች፣ ቆይታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር። አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ

ዘነበ። ቆርቆሮውን እስኪሰብረው ድረስ። ጋሼ መስኮቱ ይከፈትልኝ አለ። ብርድ ይመታሃል አልነው። "ይምታኝ" አለ። ከፈትንለት። ጠጠሩ ላይ ውሃው ቆሞ እንደሆነ ሄጄ ማየት አልፈለግሁም። ቆሞ ቢሆንም ያለው ጠጠር ነው።

ፌስታሏን አወጣሁ። ያቺን አንዴ ረጥባ፣ ተጨምቃ የደረቀችውን። በአጉሊ መነጽር አላየሁም፤ ባየው ምን ይለወጣል? ሳፋው ውስጥ ገለበጥኳትና የዝናብ ውሃ ጨመርኩባት።

ሐሙስ

ምንም።

ዓርብ

ምንም። ውሃው ሸቷል። አብዛኛው እንቁላል የበሰበሰው ያኔ ባረጠብኩት ጊዜ ነው።

ቅዳሜ

አንድ።

መጀመሪያ ቆሻሻ መሰለኝ። ከዚያ ተንቀሳቀሰ። ወለሉ ላይ አይደለም፣ ውሃው መሃል ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ይዋኛል። እስከ ቀትር ሌላ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ሳፋው ላይ ተደፍቼ ቆየሁ። አልመጣም። ጭቃውን በጣቴ እያሸሁ ፈለግሁ። ሌላ የለም።

አንድ ዓሣ ዘር አይሆንም። የትዳር ጓደኛ የሚፈልግለት ኩሬ የለም፣ ከኔ ብርጭቆ ሌላ ቤት የለውም። ምናልባት በዓለም ላይ ከዚህ ወዲያ የለም። ይህን እያወቅሁ ውሃውን ቀየርኩለት፣ ብርሃን እንዳይበዛበት ብዬ ጥላ አደረግሁለት። ከዚያ ብርጭቆውን ይዤ ጋሼ ጋ ገባሁ።

እትዬ ትራሱን ከፍ አደረገችለት። ብርጭቆውን ዓይኑ አጠገብ ያዝኩለት።

"የታለ?" አለ።

"ይኸው። ጣትህ ካለበት ትንሽ ከፍ ብሎ።"

ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ አየው፣ ፊቱ ላይ አወቅሁበት። "ይቺ ናት?" አለኝ።

"እሷ ናት።"

"ከጥፍር ታንሳለች እኮ፣ ሚጢጢ።"

"ታድጋለች።"

"አንድ ብቻ ናት?"

"አንድ ብቻ" አልኩት። ኩሬው መሞላቱን ማንም አልነገረውም ነበር። ከድምፄ የገባው ይመስለኛል፤ ሌሎቹስ ብሎ አልጠየቀኝም።

"ወንድ ነው ሴት?" አለ ቆይቶ።

"አሁን አይለይም። ቀለሙ ሲወጣ ነው። ወንድ ከሆነ ሰማያዊ ይሆናል።"

"መቼ ነው የሚወጣው?"

"ሦስት ሳምንት። ቢበዛ አራት።"

እትዬ አንሶላውን ለማስተካከል ጎንበስ አለች፣ የተስተካከለ አንሶላ ነበር። ጋሼ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ዓሣዋ ከውሃው ጋር ወዲህና ወዲያ አለች። አየት አየት አደረጋትና መልሶ ሰጠኝ።

"አንቺው እዪልኝ" አለኝ።

እሺ ጋሼ አልኩት።